ለእትዬ አስካለ ያነበብሁት ልብ ወለድ

ባለፈው ሳምንት ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ በወጣትነቴ የወደድሁትን ልብ ወለድ አገኘሁ። ሽፋኑ ተገንጥሏል። እዚያው ቆሜ ስገልጠው የፈለግሁት አንድ ገጽ ብቻ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ክረምቱን መንዝ፣ አክስቴ ቤት ከርሜአለሁ። ምናልባት ሦስተኛ ዓመቴን ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ዝናቡ በጓሳው ሣር ክዳን ላይ ሲወርድ ግን አሁንም ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበው ባና ለሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እኔም የገብስ ቆሎ እየቆረጠምሁ አነብላቸዋለሁ።

ታሪኩ ታማ ስለተኛች ሙሽራ ነው። ደራሲው፣ ሙሽራይቱን በቡዳ ዐይኗ የበላቻት ሸክላ ሠሪዋ ናት ብሎ ያምናል፤ አንባቢውንም ለማሳመን ይደክማል። እኔ በቡዳ አላምንም ነበር፤ ለጓደኞቼም ይህንኑ ስሰብክ የከረምሁ ነኝ። ይሁንና የሰውየው አጻጻፍ ይጣፍጣል። የአማቲቱን ዝምታ እንኳ የሚሰማ ያደርገው ነበር። እምነቱን እየናቅሁ ገጹን በጉጉት እገልጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ሸክላ ሠሪ እትዬ አስካለ ለአክስቴ የሠሩትን ድስት ይዘው መጡ። ዝናቡ እስኪያባራ በሩ ሥር ተቀመጡ። መደቡ ላይ ቦታ ነበር፤ «ከፍ ይበሉ» ያላቸው ግን የለም።

«ቀጥል እንጂ፤ ቆሎውን ብቻ ነው የምታውቀው?» አሉኝ አክስቴ።

ሸክላ ሠሪዋ ወደ ሙሽራይቱ አልጋ የምትቀርብበት ገጽ ላይ ደርሼአለሁ። መዝለል እችል ነበር፤ አልዘለልሁም። ድምፄን ዝቅ ሳደርግ እንዝርቶቹ ቆሙ። ያ ጸጥታ ጣፈጠኝ።

«ዐይኗ እንደ ጅብ ዐይን በራ፤ ዘሯ ሁሉ በሰው ሥጋ የኖረ ነው» አልሁ።

«እውነቱን ነው» አለች አንዷ ፈታይ። ሌላዋ ወደ በሩ ሳታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

እትዬ አስካለ ተነሡ። «እንግዲህ አባርቷል» አሉ። አላባራም ነበር።

በማግስቱ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «ያ የደራሲው ሐሳብ ነው፤ እኔ አላምንበትም» ብዬ ጀመርሁ።

«እሱን ተወው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ። ልጅቱ ዳነች?»

«ዳነች።»

«እሰይ። ስታሳስበኝ ነው ያደረችው። ሴትዮዋንስ ምን አደረጓት?»

ከቀዬው ማባረራቸውን ለመናገር አፌ እንቢ አለኝ። «መጽሐፉ አይናገርም» አልሁ።

«እሱ ባይናገር እኔ ዐውቀዋለሁ» አሉና ፈገግ ብለው ሄዱ።

ኋላ መምህር ሆኜ ይህን ገጠመኝ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። የደራሲን እምነት ሳይቀበሉ ጥበቡን መውደድ ይቻላል፤ ነውሩ የእሱ ነው እላቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ መጻሕፍት ሻጩ ዘንድ እንደ ቆምሁ፣ ገጹን አገኘሁት። «ሸክላ ሠሪዋ ወደ አልጋው ቀረበች፤ ዐይኗንም ጣለችባት» ይላል፤ በዚሁ ያበቃል። ጅብ የለም። ዘርም የለም። ሌላ እትም ይሆን ብዬ የታተመበትን ዓመት ተመለከትሁ፤ ያው ነው። የፊቱንም የኋላውንም ገጽ ፈለግሁ፤ የለም።

ደራሲው ያመነበትን ጻፈ። እኔ፣ እንዝርቶቹ ስለ ቆሙልኝ፣ የማላምንበትን ጨመርሁ። እትዬ አስካለ ግን ያ ቃል በመጽሐፍ የተጻፈ መስሏቸው ሞቱ።