ጨፌውን የጠጡት ባህር ዛፎቼ

ከአገና እስከ ወልቂጤ እንደኔ ያለ ዘበኛ የለም። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው። ከትምህርት ጋር አምስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያየን፤ ቀበሌው ወንዙ ዳር ያለውን ጨፌ የሚጠብቅ ሰው ሲፈልግ ግን እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ጋር የሚዋሰኑት ገበሬዎች ከቀበሌውና ከአንድ የውሃ ጥበቃ ፕሮጀክት ጋር ተስማምተው፣ መሀሉ ያለው ምንጭ እንዳይደርቅ ከየመሬታቸው ጥግ ጥጉን ለጨፌው ለቀቁ። አይታረስም፣ ከብት አይገባበትም፤ ሳሩን ግን በየተራ ያጭዳሉ። ትልቁን ቁራጭ የሰጠው አጎቴ ነው። መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር።

"ምንጩ ከደረቀ መልሼ አርሰዋለሁ" አለ።

"ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ምንጭ ይደርቃል?" አልኩት። በዚህች አፌ ነው ያስፈረምኩት።

የሰው ላም እየመለሱ ወዳጅ ማፍራት የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ አብረውኝ የሚውሉት ሽመላዎች ብቻ ሆኑ። እኩዮቼ አዲስ አበባ ሱቅ ገብተዋል። ያኔ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ነው፤ ወጥቼ ስደውል "ቆይ፣ ደንበኛ አለ" ይሉኛል። ይኸው እስካሁን እየቆየሁ ነው።

ሰው ሲጠፋ ዛፍ ተከልኩ። የኛ አገር ሰው "ይሄ የኔ ነው" ሊል ሲፈልግ ባህር ዛፍ ይተክላል፤ እኔም ጨፌውን ዙሪያውን አጠርኩበት። በሦስተኛው ዓመት በቁመት በለጡኝ። ስም አወጣሁላቸው፤ ረጅሙን በራሴ ስም ጠራሁት።

በዚያ በጋ ምንጩ ቀጠነ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየና "በሬዎቼን ላዘጋጅ" አለ። የፕሮጀክቱ ባለሙያ ተጠርታ መጣች።

"ይሄን ማን ተከለው?"

"እኔ ነኛ!" ደረቴን ነፋሁ።

"ወንድሜ፣ ዘበኛ ብለህ ያቆምካቸው እኮ ሌቦች ናቸው። ውሃህን እየጠጡልህ ነው።"

አጎቴ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

"ጋሼ፣ እስከሚመጣው በጋ ብቻ ታገሰኝ።"

"እስከሚመጣው በጋ" አለ፣ ጣቱን ቀስሮ።

በሁለት ቀን ሁሉንም ቆርጬ ጣልኩና "ሌቦቹ አለቀላቸው" ብዬ ለሰፈሩ አወጅኩ። ክረምት ሲገባ እያንዳንዱ ጉቶ አምስት አምስት ልጅ ወለደ። ከሥር መንቀል ግድ ሆነ። መስቀል ደርሶ እኩዮቼ ከአዲስ አበባ አዲስ ጫማ አድርገው ሲገቡ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ፤ የክትፎው ቅቤ ሽታው ወንዙ ድረስ ይመጣል። አንዱ ከመንገድ ሆኖ ጮኸ፦

"አንተ፣ ወርቅ አገኘህ እንዴ?"

"አዎ፣ ላንተ ግን አይደርስም!"

ስቆ ሄደ። "ና እንብላ" አላለኝም። ቢለኝ ዶማዬን ጥዬ ነበር የምሮጠው።

የካቲት ላይ አጎቴ በሬ ሳይጠምድ መጣ። ጫማውን አውልቆ ምንጩ ውስጥ ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አለፈ።

"ማጭድ አምጣ፣ ተራዬ ነው" አለ። ሳሩን አጭዶ ተሸከመና ሄደ።

እኔ የስንት ዓመት ጉራ በሆዴ ይዤ ቀረሁ። ኮረብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ፤ ደንበኛ አለ። ወረድኩና ለሽመላዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራሁላቸው። አንዷ ብቻ መሀል ላይ በረረች።