ዓርብ ከሰዓት ያስነጠስኩት

ባለፈው ኅዳር ለአንድ የትምህርት ዘገባ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። አንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ አንዲት ሴት የሽምብራ እሸት ትሸጣለች። አንድ እስር ገዛሁ። የመጀመሪያዋን ፍሬ ፈልፍዬ አፌ ስጨምር፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ትዝ አለኝ።

የሉማሜ ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ስገባ አባቴ «እንግሊዝኛ ካልቻለ የትም አይደርስ» ብሎ ማርቆስ፣ አጎቴ ዘንድ አስቀመጠኝ። ለኛ ከማርቆስ የሚበልጥ ከተማ አልነበረም። የገባሁበት የግል ትምህርት ቤት ግን ቀድሞ የአንድ ነጋዴ መኖሪያ ነበር፤ አራት ክፍል፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ዝናብ ሲጥል መምህሩን የማያሰማ ቆርቆሮ።

ግቢው ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው። ቃል ያመለጠው ልጅ አንገቱ ላይ በሲባጎ የታሰረ ጣውላ ይንጠለጠልበታል፤ የሚያወልቀው ሌላ ተናጋሪ ሲይዝ ብቻ ነው። ከብት ላይ እንደሚታሰረው «ቃጭል» እንለው ነበር። ዓርብ መውጫ ላይ ቃጭሉ የተገኘበት ይመዘገባል። ሦስት ጊዜ የተመዘገበ ይሰናበታል።

የሺሐረግ የደብረ ወርቅ ቄስ ልጅ ናት፤ ማርቆስ አክስቷ ጋ ትኖር ነበር። ሁለት ጊዜ ከተመዘገበች በኋላ ግቢ ውስጥ አፏን ዘጋች፤ በእጇና በቅንድቧ ብቻ ሆነ ወሬዋ። ከበር ስንወጣ ልጆቹ ይቀበሏታል።

«ዱዳዋ! ምላስሽን ደብረ ወርቅ ረስተሽው ነው የመጣሽ?»

«ለሰው ያስቀመጥኩት ነው፤ በናንተ አላባክነውም» ትላለች እየሳቀች።

አንድ ዓርብ ቃጭሉ እኔ ላይ ነበር፤ የታሰረብኝ ረቡዕ ነው። ያን ዕለት አባቴ ሊጠይቀኝ እንደሚመጣ መልእክት ልኮብኝ ነበር። እንደ በሬ ታስሮብኝ እንዲያየኝ አልፈለግሁም። በከሰዓቱ እረፍት የሺሐረግ ግንቡ ሥር ተቀምጣ ሽምብራ ትፈለፍላለች። ስታየኝ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ግማሹንም እጄ ላይ ዘረገፈችልኝ። በላሁ። ከዚያ ፊቴን አዙሬ አፍንጫዬን በሣር ጫፍ ነካካሁና አስነጠስኩ።

«ይማርህ» አለች።

እሷ ባደገችበት ቤት ሰው ሲያስነጥስ ዝም ማለት ነውር ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ከረቡዕ ጀምሮ ያሰብኩበትም ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወጉ «ያኑርሽ» ብሎ መመለስ ነበር። እኔ ግን ሲባጎውን አውልቄ አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት።

«አንተ! ሽምብራዬን እየበላህ?» አለች፤ አሁን መናገሯ ምንም አይጨምርባትም።

መውጫ ላይ ዳይሬክተሩ ሁለታችንን አስጠሩን። ራሳቸው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«አማርኛ ተናግራለች?»

የሺሐረግ አየችኝ፤ ሁሉንም የምናገር መስሏት ጠበቀች።

«አዎ ቲቸር፤ ተናግራለች።»

ምን እንዳለች አልጠየቁኝም። እኔም አልጨመርኩም። አባቴ የግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የሆነውን ሳያውቅ «ጎበዝ!» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ሰኞ ወንበሯ ባዶ ሆነ፤ አክስቷ ወደ ደብረ ወርቅ መልሳት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘገባ ስጽፍ ፀጉሬ ሸብቷል። ሐሰት ጻፍክ ብሎ የከሰሰኝ የለም። ያን ቀን ለዳይሬክተሩ የሰጠሁት ቃልም ማንም ቢያጣራው ስሕተት አይገኝበትም፤ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ደብረ ወርቅ ለሥራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። እንጀራዬ ሰው መጠየቅ ነው፤ ስለ የሺሐረግ ግን አንድም ሰው አልጠየቅሁም።