ፍየል ያደረበት የሙሽራ መኪና

ሸጋዬ ከተፈጥሮዋ ተጸያፊ ናት። ልጅ ሆና፣ ቡሬ አጠገብ ባለው ያባቷ ቤት፣ ወተት ውስጥ አንዲት ፀጉር ካየች ቀኑን ሙሉ ጦሟን ትውል ነበር። እናቷ «አንችን ቆሻሻ ይገድልሻል» ይሏት ነበር። አልገደላትም፤ እንጀራዋ ሆነ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ካለው ላቫጆ የመኪና ወንበርና ሞኬት የምታጥበው እሷ ናት። ውጭውን ውኃ እየረጨ የሚያጥበው ላቀው ነው። ውስጡ ግን የሸጋዬ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረው ብሩሽና ውኃውን ከነቆሻሻው የሚመጠው ቫኪዩም ከእሷ እጅ አይወጡም።

ሰው ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ቤቱን ለእንግዳ ይጠርጋል፣ ነጠላውን አሳጥቦ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ከብት ይሆናል። ከወንበር ሥር ታኝኮ የተተፋ ሸንኮራ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ ደርቆ ከሞኬቱ ጋር የተጋባ ትውከት ታወጣለች። ቅቤ በኮባ ጠቅልሎ ከወንበር ሥር የሚረሳም አለ። ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ስፖንጁ ይጠጣዋል፣ ሰንበት ብሎ የሚወጣውን ሽታ ለጠላት አይስጥ። ሸጋዬ ይህን ሁሉ «ኤጭ» እያለች ታነሣለች። እጇን በሎሚ አሽታ አሽታ፣ ያም ሆኖ እህል አፏ አልገባ ብሎ የምታድርበት ቀን ብዙ ነው። ሥራውን አልለመደችውም፤ ብትለምደውማ እንዲህ አጥርታ ባላጠበች ነበር።

በዚህ ሥራ ነው ልጇን ንጋትን ያሳደገችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ዘንድሮ በጥር ንጋት ልትዳር ነው። ሙሽራው ዘመኑ የቡሬ ልጅ፣ የእህል ነጋዴ ቤተሰብ ነው። ሽማግሌ መጥቶ ቃል ተሰጥቷል። ሸጋዬ ግን ልቧ አላረፈም። ልጁን ያየችው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ያንኑም አንገቱን ደፍቶ። አንገት መድፋት ማንም ይችላል። ልጇን ለምን ዓይነት ሰው እንደምትሰጥ ሳታውቅ ቀኑ ደረሰ፤ እንቅልፍ የነሣት ይኸ ነው።

ለሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ነጭ ደብል ጋቢና ላቫጆው ገባ። በሩ ሲከፈት ላቀው እንኳ ወደ ኋላ ሸሸ። የወጠጤ ሽታ ነው። የወጠጤን ሽታ የማያውቅ ሰው ፈጣሪውን ያመስግን፤ አፍንጫ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል። የኋላው ወንበር በሽንት ርሷል፣ የፍየል በጠጡ ስፌቱ ውስጥ ሳይቀር ተጠቅጥቋል።

ባለመኪናው ገነነ የሚባል፣ ቦርጩ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ፍየሎቹን ከዱርቤቴ ገበያ ገዝቶ፣ ጭነት ቦታውን የቢራ ሳጥን ስለያዘው፣ ወንበሩ ላይ አስሮ ነው ያመጣቸው። መንገድ ላይ ሲጠጣ አምሽቶ ፍየሎቹ እዚያው አደሩ። ለቢራው ጠርሙስ ተጠነቀቀ እንጂ ለወንበሩ አላሰበም። ቡሬ ያለው አጣቢ «እኔ ይህን አልነካም» ብሎ ስለመለሰው ነው እዚህ ድረስ የመጣው።

«እሁድ ሙሽራ ይጫንበታል» አላት። «የወንድሜ ልጅ ዘመኑ ከዚሁ ከከተማችሁ ያገባል። ንጋት ነው መሰል የልጅቱ ስም።»

ሸጋዬ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች። ገነነ በሽምግልናው ጊዜ ለንግድ ርቆ ስለነበር ተያይተው አያውቁም።

«ይኸ ወንበሩ ተፈትቶ ካልታጠበ አይለቅም፣ ጌታዬ» አለችው ከአፍ መሸፈኛዋ ሥር።

«ምን አደከመሽ። ከላይ ከላይ ጥረጊና ሽቶ ነገር እርጭበት። እናትየዋም ያንችው ቢጤ ናት አሉ፣ የሰው መኪና ጠራጊ። ልጅቱ እንኳን የፍየል፣ የባሰም ሽታ ለምዳለች።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ስንት ይሆኑ ብሎ እንኳ አላሰበም። ቁልፉን ወርውሮላት ሄደ።

ላቀው ሁሉንም ሰምቷል። «እትዬ ሸጋዬ፣ ምነው ዝም አሉት? እናቷ እኔ ነኝ አይሉትም ነበር?»

«ነግሬው ሰርጉ ይፍረስ?» አለች። «ዝም አይነቅዝም።»

ሰውየው ከፍየሎቹ ይልቅ አንገሸገሻት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዘመኑም ከዚያው ማጀት የወጣ መሆኑ ነው። አጎቱ እንዲህ የሚናገር ልጅ ነገ ተቆጥቶ ንጋትን ምን ይላታል? የማን ልጅ ነሽ ይላታል?

ላቀው ብሎኑን ፈትቶ ወንበሩን አወረደላት። ሳሙና አፍስሳ ብሩሹን ስታስነሣ ሽታው እንደ አዲስ ነፍስ ዘራ፤ የወጠጤ ሽንት ውኃ ሲነካው ይብሳል። ሳሙናው ሲያቅተው እንዶድ ወቅጣ ዘፈዘፈችበት፣ እንደገና ቦረሸችው፣ እንደገና መጠጠችው። ከቫኪዩሙ የወጣው ውኃ እንደ አተላ ወፍሯል። ባልዲውን ስትደፋ ቋቅ አላትና አጥር ሥር ሄዳ አስመለሳት። አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰች። የታዘዘችው ከላይ ከላይ ነበር፤ ግን የምትቀመጥበት ልጇ ናት።

ቅዳሜ ገነነ ሊወስድ ሲመጣ አፍ መሸፈኛዋን አውልቃ ነበር። ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አሸተተ። «ምንም የለውም እኮ» አለ። ቁልፉን ከእጇ ተቀብሎ በመሐረብ ጠረገውና ሄደ።

እሁድ ሰርገኛው ሸጋዬ ቤት ገባ። ገነነ የሙሽራው ወገን ታላቅ ነውና ዳስ ውስጥ ከላይ፣ ከዘመኑ አጠገብ ተቀመጠ። ለእንዲህ ያለ እንግዳ የሙሽራይቱ እናት በእጇ ታቀርባለች። ሸጋዬ የዶሮውን ወጥ በሳህን ይዛ ቀረበች፣ እጅ ነሥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

ገነነ ቀና ሲል አወቃት። ዓይኑ ከፊቷ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ሳህኑ ወረደ። ፊቱ ተኮማተረ።

«ጠግቤአለሁ» አለና ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ገፋው። ገና ምንም አልቀመሰም ነበር።

ሸጋዬ ወዲያው ገባት። የተጸየፈው የራሱን ፍየሎች ሽንት ነው፤ እሷ ስላጠበችው ብቻ የእሷ አደረገው። በዕድሜዋ ያላየችው ቆሻሻ የለም፣ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየ። ንጋትም ከሚዜዎቿ መሐል ሆና አይታለች።

ሙሽራ ባማቱ ፊት አፉን ሞልቶ አይጎርስም። ነውር ነው፤ የሚበሉለት ሚዜዎቹ ናቸው። ዘመኑም እስከዚያ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አሁን ግን አጎቱን አየ፣ ቀጥሎ ሳህኑን አየ። እጁን ሰድዶ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና መብላት ጀመረ። ሚዜው በክርኑ ጎሰመው፤ አልተወም። ወጡ በጣቱ እየወረደ፣ እየቆረሰ እየጎረሰ ሳህኑን ጨረሰ፣ ጣቱንም ላሰ። ገነነ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ የማያውቀውን ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ይጠይቅ ጀመር።

ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አማቱን ፊት ለፊት አያት። «እማማ፣ ካለ ይጨምሩልኝ» አላት።

ሌላ ሰው ጣቱን ሲልስ ብታይ ሸጋዬ ፊቷን ባዞረች ነበር። ሽማግሌዎቹ ቃል ተቀብለው ከሄዱ ሰንብተዋል፤ እሷ ግን ልጇን የሰጠችው ያን ጊዜ ነው።