«ፈርታለች» ተብሎ የተጻፈብኝ

አባቴ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባል። እኛ ቤት «ይታጠባል» ስንል የኩላሊት እጥበት ማለታችን እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ከአፍንጮ በር ታክሲ ይዘን ፒያሳ እንወርድና ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል በእግራችን እንሄዳለን። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። እሷ ስኳር ስላለባት ደረጃ መውጣት ይከብዳታል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ዘንድሮ ብጀምርም አባቴን የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

እጥበቱ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። በሽተኞቹ ከማሽን ጋር ታስረው ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ንቅለ ተከላ ነው፤ ሐኪሟ ሲመጡ ግን ሁሉም ዝም ይላል። ከሐኪም ፊት ጥያቄ ማብዛት ነውር ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ነገር በሥርዓት ሲሆን ደስ ይለኛል። አንድ ደብተር ገዛሁና የእያንዳንዱን ሰው ጥያቄ እየጻፍኩ ወደ ሐኪሟ ክፍል መውሰድ፣ መልሱንም አምጥቶ ማንበብ ጀመርኩ።

ከአባቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የሚተኙት ሽማግሌ፣ የድሮ ፀጉር አስተካካይ፣ ስም አወጡልኝ።

«ነይ እስቲ ጸሐፊዋ፣ ጻፊልኝ። የሚሰጠኝ ሰው ጫት ቃሚ ከሆነ እኔንም ከሰዓት በኋላ ያዛጋኛል ወይ?»

«ከሴት ከሆነስ?» አላቸው አባቴ።

«ከሴት ከሆነማ ሚስቴ ናት የምትደሰተው። ቢያንስ አንዱ ጎኔ ይታዘዛታል።»

ነርሷ ሳትቀር ሳቀች። እኔ ግን ቀልዱንም ጻፍኩት። ሐኪሟም ስቀው የሰው ጠባይ በኩላሊት እንደማይተላለፍ ነገሩኝ። የታመሙት ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ እንደማይወጡና አዲሱ ከእምብርት ዝቅ ብሎ በጎን በኩል እንደሚቀመጥ ሳነብላቸው ክፍሉ ሁሉ ተገረመ። «ሦስት ይዘን ልንዞር ነው?» አሉ ሽማግሌው። ሰጪዋ ወደፊት መውለድ ትችላለች ወይ? ተቀባዩ መጾም ይችላል ወይ? መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው? እስከ ዕድሜ ልክ ነበር መልሱ፤ ሰውነት እንግዳውን ኩላሊት እንዳያባርረው።

አባቴ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር ያስጻፈኝ። የመጀመሪያው «ሰጪዋ ወጣት ብትሆንና የቀራት አንዱ በኋላ ቢታመምባትስ?» የሚል ነው። ሐኪሟ ብዙ ጊዜ እንደማይደርስ፣ ፈጽሞ አይደርስም ግን እንደማይባል፣ ምርመራው የሚጠብቀውም ለዚህ እንደሆነ መለሱ። ሁለተኛው «ሰጪው ፈርቶ ቢተውስ?» ይል ነበር። «የፈራ ሰው አይገደድም፤ ለምን ተውክም አይባልም» የሚለውን መልስ በጥሩ እጅ ጽሑፌ ጽፌ አነበብኩለት። «ጥሩ ነው» አለኝ። የጠየቀው ለእኔ አስቦ፣ እንዳልጨነቅ፣ መሰለኝ።

ምክንያቱም ያኔ አንዱን ኩላሊቴን ልሰጠው ወስኜ ነበር። ሌላ ልጅ የለውም። የሚሰጠው ዘመድ መሆን እንዳለበት ተነግሮናል፤ አክስቴ በስኳሯ ምክንያት አትችልም። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ደሜን ሰጠሁ፣ ተመረመርኩ፣ የተባልኩትን ሁሉ አደረግሁ። ውጤቱ የሚወጣበት ቀን ግን ከፈተናዬ ጋር ገጠመ። አክስቴ «እኔ እቀበልልሻለሁ» አለች። ቅር አላለኝም። በእኛ ቤት ከባድ ነገር የሚሰማው በቅድሚያ በትልቅ ሰው ጆሮ ነው፤ መርዶ እንኳ ማለዳ ተጠብቆ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። ወረቀቱን እንድትወስድ ፈረምኩላት።

ከፈተና ስመለስ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «አልገጠመም፣ የኔ ልጅ» አለችኝና አቀፈችኝ። በማግስቱ አባቴ ፒያሳ ኬክ ቤት ወሰደኝ። እሱ ውኃው ተለክቶ የሚሰጠው ሰው ነው። ለእኔ ማኪያቶና ኬክ አዝዞ እጁን አጣጥፎ ያየኝ ነበር። «እግዜር ያላለውን ነገር አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ?» አለኝ። ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ኩላሊቴ ስላልገጠመ አባቴን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም «ምንም አይደለም» ብሎ ይቅርታዬን ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሟ ለእኔ የተለየ ርኅራኄ ያሳዩኝ ጀመር። ጥያቄ ይዤ ስገባ ወንበር ይስቡልኛል፣ ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል። ያዘኑልኝ ስላልገጠመ ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ደብተሬን ዘርግቼ «የቤተሰብ አባል ያልገጠመለት ሰው ምን ተስፋ አለው?» ብዬ አነበብኩ።

«ይሄ የማን ጥያቄ ነው?»

«የእኔ ነው፣ ዶክተር። ለአባቴ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ፋይል ከመሳቢያ አውጥተው ገለጡ። ከዚያ «አንቺ እኮ ገጥመሻል» አሉኝ። «ፈርታለች፣ ትታዋለች ብለው አክስትሽ ነገሩኝ። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ያላነሳሁብሽ። ከራስሽ አፍ መስማት ነበረብኝ፤ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።»

ፋይሉን ወደ እኔ አዞሩት። ከስሜ ሥር «ፈርታለች፤ አትጠየቅ» የሚል ተጽፏል። ስንት ሳምንት ሙሉ እዚያ ክፍል የገባሁት አባቷን እንደተወች ልጅ ሆኜ ነው። ሐኪሟ ወንበር የሳቡልኝ ለዚያች ልጅ ነው።

ቤት ስደርስ አክስቴ ደጃፉ ላይ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«እትዬ፣ ፈርታለች ብለሽ ተናገርሽ?»

ቢላዋው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ነገረሽ ነው መልሱ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ!»

አባቴ ከውስጥ «እሷን ተያት። የላክኋት እኔ ነኝ» አለ።

ገባሁ። ጋቢውን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ልምከረው፣ ላልቅስበት፣ ልጩኽበት አላወቅሁም። የወጣልኝ «ሌላ የምትሉት ጠፍቶ ነው? ለምን ፈርታለች አላችሁ?» የሚል ብቻ ነው።

«ሌላ ብንል ጠርተው ያናግሩሽ ነበር። የፈራን ሰው ግን አያስጨንቁም» አለ። «አንቺው ነሽ ጽፈሽ ያመጣሽልኝ።»

ያን ሁለተኛውን ጥያቄ ያስጻፈኝ ለዚህ ነበር።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለ ቀጥሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሮጌ ለመጣፍ ከአዲስ ጨርቅ አልቆርጥም።»

«እኔ ጨርቅ አይደለሁም።»

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። ያን ጊዜ የንስሐ አባታችን ትዝ አሉኝ። ከምርመራው በፊት «ከሰውነቴ ከፍዬ ብሰጥ ኃጢአት ነው ወይ፣ አባ?» ብዬ ጠይቄያቸው «ፍቅር ኃጢአት አይሆንም» ካሉኝ በኋላ፣ «ብቻ ከአባትሽ ፈቃድ እንዳትወጪ» ብለው ነበር። «አባም ያውቃሉ?» ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። እሳቸውም ያውቁ ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ ስለ ራሴ ጎን የማላውቀው።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ እምቢታውን ራሱ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ለሐኪሟ እንዲናገር። መጣ። ሐኪሟ ሁሉንም በዝርዝር አስረዱት፤ ያለ ንቅለ ተከላ ምን እንደሚጠብቀው ሳይሸሽጉ ነገሩት። አዳመጠና «ከልጄ አልቀበልም» አለ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አሁንም ፈቃደኛ ነኝ» አልኩ። «ፈርታለች» የሚለውን ሰርዘው ሁለታችንም ያልነውን ጻፉ። ተቀባዩ እምቢ ካለ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገሩኝ፤ ሐሳቡን ከቀየረ ግን በሩ ክፍት ነው አሉ። አባቴ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አልሸኘሁትም። አክስቴ እግሯን እየጎተተች ወሰደችው። እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መምህሩ የሚለውን እጽፋለሁ፤ ሳነበው ምኑም አይገባኝም። ማታ ሲመጣ ሰላም አልለውም። የቀረው ጊዜ ስንት እንደሆነ የሚነግረኝ የለም፤ ከዚያው ላይ ደግሞ እኔ ሦስት እጥበት በኩርፊያ ቀነስኩበት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄድኩ። አልታረቅንም፤ እስካሁንም አልታረቅንም። ማሽኑ ከተገጠመለት በኋላ ደረስኩ። ሽማግሌው አይተውኝ ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

«ትምህርት የለሽም?» አለኝ አባቴ።

«አለኝ» አልኩትና ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁ።