ከቆርቆሮው የተመለሰችው ጥርስ

መደርደሪያዬ ላይ፣ ከልጄ የትምህርት ቤት ዋንጫ አጠገብ፣ የጄሶ ጥርስ ተቀምጧል። የላይና የታች መንጋጋ፣ ሙሉ አፍ ነው። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ በመጨረሻ «የማን ነው?» ይላል። የልጄ የማህሌት ነው፤ ጥርሷ ላይ ሽቦ ከመታሰሩ በፊት ሐኪሙ ልኩን የወሰደበት። ለእኔ ግን የእሷ ብቻ አይደለም። ከፊት ጥርሶች የግራዋ ዞር ብላ፣ ጎኗን ሰጥታ ቆማለች፤ ገርበብ ያለ በር ትመስላለች። ይቺኑ ጥርስ በልጅነቴ በእናቴ የእጅ መስታወት ስንት ጊዜ ተመልክቻታለሁ። አቧራዋን በጠረግሁ ቁጥር አንኮበር፣ ጎረቤላ፣ አባቴ አዲስ የመታው ቆርቆሮ ሥር አንጋጥጬ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ።

አባቴ ጥርሱን የነቀለበት ሙያ አናጢነት ነው። የሰውም ጥርስ ይነቅል ነበር። ለምስማር ትልቅ ጉጠት፣ ለጥርስ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልላ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጥግ ለብቻዋ የምትቀመጥ ትንሽ ጉጠት ነበረችው። በገበያ ቀን ከአልዩ አምባ አቀበቱን የወጡ ነጋዴዎች ጉንጫቸውን በጨርቅ አስረው በራችን ላይ ካለው ግንድ ይቀመጣሉ። አባቴ ጉጠቷን በአረቄ ያጥባታል፤ ክርስቲያኑ ከዚያው አረቄ አንድ መለኪያ ይጎነጫል፣ ሙስሊሙ በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል። የሚጮኹት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ደማቸውን ተፍተው አንዱ «ተመስገን»፣ አንዱ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ ገበያው ይመለሳል። ጥርስ የሚታከም ነገር መሆኑን በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ጥርስ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይነቀላል።

አባቴን አፉን ከፍቶ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከንፈሩን እስከ ታች የሚሸፍን ጥቅጥቅ ያለ ሪዝ ነበረው። ጥርስ የማያስከድን ጨዋታ ሲመጣ ሌላው ሰው ሆዱን ይይዛል፣ የእሱ ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሰፈሩ ኮስታራ ይለው ነበር፤ እኛም ልጆቹ ኮስታራ ነው ብለን ፈርተነው አደግን።

በእኛ ሰፈር የልጅ ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይጣላል። ልጁ ከቤቱ ፊት ይቆምና «ወፊቱ፣ አሮጌውን እንኪ፣ አዲሱን ስጪኝ» ብሎ በቀኝ እጁ ይወረውራል። ወፏ ከወደደችው አዲሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ካልተቀበለችው ተተኪው ጠማማ ይሆናል። ይሄን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ማን እንዳለው የሚያውቅም አልነበረም። የሦስቱ ታላላቆቼ ጥርስ ሳር ክዳኑ ላይ ወድቆ እዚያው ቀርቷል፤ የሦስቱም ጥርስ እንደ በቆሎ ተደርድሮ ወጥቷል።

የእኔ ተራ የደረሰው አባቴ ሳሩን አፍርሶ ቆርቆሮ በመታ በወሩ ነው። የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ የራሱን ገና ያኔ ማልበሱ ነበር። ዝናብ ሲወርድ ለመደማመጥ እንጮኻለን፤ በዚያ ጩኸት ደግሞ እንኮራለን። የላይኛዋ የፊት ጥርሴ ወልቃ እጄ ላይ ስትቀር እናቴ ሱፍ እየፈተለች ነበርና ቀና ሳትል «ሂጂ ጣይና ነይ» አለችኝ። ወጣሁ፤ የሚባለውን አልኩና ወረወርኩ። ጥርሴ ቆርቆሮው ላይ ቀጭ አለች፣ ተንከባለለች፣ አሸንዳ ገና አልተገጠመም ነበርና ተመልሳ እግሬ ሥር ወደቀች። ደግሜ ወረወርኩ። ተመለሰች። ሦስተኛውን ከደጁ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩ። ተመለሰች።

እናቴ ከውስጥ «ጣልሽ?» አለችኝ።

«ጣልኩ።»

የመጀመሪያ ውሸቴ ባይሆንም የከበደኝ የመጀመሪያው እሱ ነው። ጥርሴን ከቤቱ ጓሮ፣ ከማገሩ ሥር በተሰነጠቀው ግድግዳ ውስጥ አስገባኋትና በጭቃ ደፈንኳት። ወፏ እንዳልተቀበለችኝ ከእኔና ከግድግዳው በቀር ያወቀ አልነበረም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አዲሷ ጥርስ ብቅ ስትል ጎኗን ይዛ ነበር፤ ባደገች ቁጥር ባሰባት። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አንድ ቀን አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና «ይቺ ልጅ ጥርሷን የት ጥላው ነው?» አለች። እናቴ ቆጣ ብላ «ጣሪያ ላይ ነዋ፣ እኔው ነኝ የላክኋት» ስትል ተከራከረችልኝ። እናቴ ለእኔ ብላ የማታውቀውን ስትመሰክር መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በትምህርት ቤት ስሜ «ገርበብ» ሆነ። ስስቅ እጄን አፌ ላይ ማድረግ ጀመርኩ። ሳነብ መጽሐፉን አፍንጫዬ ድረስ ከፍ አድርጌ ስለምይዘው መምህራችን «ዓይንሽ ያምሻል እንዴ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ለወላጆች ቀን ግጥም እንዳነብ ተመረጥኩ። መጽሐፍ የለ፣ እጅ መጋረድ የለ፤ በቃሌ፣ ሕዝብ ፊት። ቀኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ዘዴ መጣልኝ። ጥርሷ ብትነቀልና እንደገና ብትጣልስ? አባቴ አሸንዳ ገጥሟል፤ ብትንከባለል እንኳ አሸንዳው ይይዛታል። ወፏም ሁለተኛ ዕድል ሳትሰጠኝ አትቀርም። ይሄን ሳስብ የተሰማኝ ደስታ ከጉጠቷ ፍርሃት በለጠ።

አባቴ ደጅ ላይ መላጊያውን ይስል ነበር። «አባዬ፣ ይቺን ጥርስ ንቀልልኝ፤ ታመኛለች» አልኩት። ውሸት በውሸት ላይ። ነጋዴዎቹ የሚቀመጡበት ግንድ ላይ አስቀመጠኝና ጉጠቷን አመጣ። አረቄው ሲፈስ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ጥርሷን በጣቱ ገፋ አደረጋት፤ አልተነቃነቀችም። በጉጠቷ እጀታ ነካ ነካ አደረጋት፤ አላመመኝምና «ወይኔ» አላልኩም። ከዚያ ብረቱ ያዛት። ዓይኔን ጨፈንኩ። የቀዝቃዛ ብረት ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ጠበቅሁ። ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ጥርሴን እንደያዘ ቆሟል፤ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም። ስንት ጥርስ የነቀለ እጁ አልሳበም። ብረቱን ቀስ ብሎ ላላ አደረገና ከአፌ አወጣው።

«ይቺ የምታም ጥርስ አይደለችም። እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ሦስቱንም ውርወራ፣ ግድግዳውን፣ እናቴን መዋሸቴን። አባቴ በልጅ ላይ እጁን የሚያነሳው ለውሸት ነበርና ጉንጬን አመቻችቼ ጠበቅሁት። እሱ ግን «የድሮዋ የት ናት? አሳዪኝ» ብቻ አለ። ጭቃውን በምስማር ፈልፍዬ አወጣኋት፤ ቢጫ፣ ከስንዴ ብዙም የማትበልጥ ነገር። መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ መሰላሉን አቆመ፣ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ሁለቱ የቆርቆሮ ጎኖች በሚገናኙበት ጫፍ ላይ የተደፋውን ክዳን ገለጥ አድርጎ ጥርሴን ከሥሩ አስገባትና በሁለት ምስማር መታበት። የመዶሻው ድምፅ በሰፈሩ ሁሉ ተሰማ። እትዬ አስካለም ደጇ ወጥታ ቆመች።

ከላይ ሆኖ «አሁን የትም አትሄድም» አለኝ። «ጥፋቱ የጣሪያው ነው። ጣሪያውን የመታሁት ደግሞ እኔ ነኝ።» ሲወርድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አፍሽ ውስጥ ያለችው ግን የመጨረሻዋ ናት። ከተነቀለች ሌላ አትመጣም። ማንም ንቀይ ቢልሽ እምቢ በይ።»

በምን እንዳወቀ ጠየቅሁት። «አውቃለሁ» አለና ጉጠቷን ይጠርግ ገባ።

ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ነገር በዚያች ቅጽበት ከላዬ ወረደ። ጥርሷ እንደተጣመመች ነበረች፤ ጥፋቱ ግን የእኔ መሆኑ ቀረ። በወላጆች ቀን እጄን ወደ ጎን አውርጄ ግጥሜን አነበብኩ። ሁለት ልጆች ሳቁ፤ ቀና ስል አባቴን ከሰዉ ኋላ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ የእሱ ግን የደስታ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ተምሬ፣ ደብረ ብርሃን ተቀጥሬ፣ አግብቼ ወለድኩ። የማህሌት የፊት ጥርስ ገና ሲበቅል ጎኑን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ወፏ ናት። እንግዲህ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ግን የልጅነት ነገር ከሰው ጋር ያረጃል። የወለቀችውን ጥርሷን ራሴ ነበርኩ ያስጣልኳት፣ ያውም አሸንዳ ያለው ጣሪያ ላይ።

አሥራ ሁለት ሲሞላት፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየሁ። በሳምንቱ፣ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የጥርስ አቃኚ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ገና ወንበሩ ላይ ሳትደገፍ «ይነቀላል?» አልኩት። «ለምን ይነቀላል? ጤነኛ ጥርስ ነው» አለኝ። መንጋጋዋ ጠበብ ያለ፣ ጥርሶቿ ግን ትልልቅ ስለሆኑ ቦታ አጥተው እንደዞሩ፣ ይሄም በዘር እንደሚሄድ አስረዳኝ። እኔ ቀልድ አስመስዬ «ጣሪያ ላይ አጣጣሉ አይደለም?» ስለው ሳቀ፤ እሱም በልጅነቱ ሲጥል እንደነበር ነገረኝ። ከሠላሳ ዓመት ክስ ፍርድ ቤት ሳልቆም በነጻ የተሰናበትኩ ያህል ቀለለኝ።

ሽቦው ግን ብዙ አነጋገረ። መንገድ ላይ የሚያዩን «ወድቃ ነው?» ይላሉ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ላልታመመ ጥርስ ሐኪም ቤት? ፍንጭት አውጣላት ብትዪው ይሻል ነበር» ብላ ቀለደችብኝ። እናቴ በስልክ «እግዜር የሠራውን ሰው ያርማል?» አለች። የተረዳኝ አባቴ ብቻ ነው። ሽቦውን በመነጽሩ አይቶ «ይሄማ የእኛው ሥራ ነው» አለ። «የጎበጠ ጣውላ በአንድ ቀን አይቃናም። ታስረዋለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፣ ጠበቅ ታደርጊያለሽ፣ ደግሞ ትጠብቂያለሽ።»

ሽቦው የሚፈታ ዕለት አባቴ ከጎረቤላ በጠዋት ሚኒባስ መጣ። ሽቦው በታሰረባት ሁለት ዓመት ውስጥ ሐኪሙ የእኔንም ጥርስ አይቶ «የአንቺም ይቃናል፤ ዕድሜ አያግድም» ብሎኝ፣ እኔም ቀጠሮ ይዤ ነበር። ማህሌት ከወንበሩ ተነሥታ መስታወቱ ፊት ሳቀች፤ ጥርሷ ተደርድሯል። አባቴ ልምዱ ነውና ትከሻውን አንቀጠቀጠ። ሐኪሙ ዞር ብሎ «አባባ፣ ይሄ ዘር ከእርስዎ ነው የመጣው ወይስ ከባለቤትዎ? እስቲ ይክፈቱልኝ» አለው። አባቴ አመነታ። ማህሌት «አባባ፣ አያምምኮ» ብላ እጁን ያዘችው።

ሪዙን በጣቱ ከፍ አድርጎ አፉን ከፈተ። በግራ በኩል፣ የእኔዋ ጥርስ ባለችበት ቦታ፣ ባዶ ነበር።

«ይቺ የት ሄደች?» አለ ሐኪሙ።

«በልጅነቴ ጠማማ ወጣች» አለ አባቴ። «ወፍ ያልተቀበለችው ነው ተባለና በገበያ ቀን አስነቀሉኝ። እንደገና ጣሪያ ላይ ጣልኳት። ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። በኋላ ሪዝ አበቀልኩ።»

ይሄን እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ያ ብረት አፌ ውስጥ ለምን እንደቆመ፣ ያ እጅ ለምን እንዳልሳበ ያኔ ገባኝ። ኮስታራ ነው ያልነው ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንደ እኔው ሳቁን ሲሸፍን ኖሯል፤ እኔ በእጄ፣ እሱ በሪዙ። እንባዬ መጣ። ሐኪሙ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊተካለት እንደሚችል ሲነግረው አባቴ «ሪዜ ለምዶታል» ብሎ ሳቀ፤ አፉን ከፍቶ፣ ክፍተቷ እየታየች፣ ድምፅ አውጥቶ። በዚህ ዕድሜዬ የአባቴን የሳቅ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ዘመኑ ጥሩ ነው፤ ማህሌት እጇን ከአፏ አውርዳለች፤ ልጆቻችን ከእኛ ፍርሃት ስለዳኑ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ስንወጣ መዝገብ ክፍሏ ልጅ ዘንድ ጎራ አልኩና ቀጠሮዬን አሰረዝኩ። ልጅቷ «ፈርተው ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ይቺ ጥርስ አባቴ በእጁ ይዞ ያልነቀላት ናት፤ እንዳለች ትኑርልኝ።