እጅ የማይጫንበት ጆሮ

ሐኪሙ የቀኝ ጆሮዬን ጠርዝ ከነካንሰሩ ቆርጦ ካወጣ በኋላ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን ቆዳ በከፊል ገልጦ ከተረፈው ጆሮዬ ጋር ሰፋው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተጣብቆ ይቆያል፤ ቆዳው ከጆሮው ደም ማግኘት ሲጀምር ከጀርባው ተቆርጦ ይለያል። «እስከዚያ ማንም እንዳይጫነው» አለኝ። «ከተጫኑት ደም አያገኝም፤ ይሞታል።»

ከተወለድኩ ጀምሮ ቆዳዬ ቀለም የለውም፤ የሶዶ ፀሐይ የፈለገችውን ታደርገኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ በኮፍያ ፊቴን ስጋርድ ጆሮዬን ረስቼው ኖሬያለሁ። ዓይኔም ደካማ ነው። ያለ መነጽር የተማሪዎቼን ፊት አልለይም፤ መነጽር ደግሞ ጆሮ ይፈልጋል። ይህ ቆዳ ካልያዘ ማስተማሬም አበቃ ማለት ነው።

እናም እናቴ ቤት፣ በግራ ጎኔ ብቻ እየተኛሁ፣ ሰውን በድምፁ እየለየሁ ተቀመጥኩ። እስረኛ ነበርኩ። እኛ ዘንድ ደግሞ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ጠያቂ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ይዞ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ አይነሳም።

በሁለተኛው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መጡ። ልጅ ሆኜ ሰው ሁሉ መልኬን ሲሸሽ፣ ራሴን ዳብሰው የጸለዩልኝ እሳቸው ናቸው። የሚጸልዩትም የታመመው ቦታ ላይ እጃቸውን ጭነው ነው።

«የቱ ጋ ነው ያመመህ፣ ልጄ?» አሉ።

ጉልበቴን ነው ብዬ ልዋሽ ስል እናቴ «ጆሮው ነው» ብላ ቀደመችኝ። መጀመሪያ እጃቸው ፋሻው ላይ ቀለል ብሎ አረፈ። ጸሎቱ ሲግል ግን እጁም ከበደ። ስፌቱ ሲወጠር ተሰማኝ። እምቢ ብል ጸሎት ጠላ እባላለሁ፤ ዝም ብል ጆሮዬ መሞቱ ነው። ተናደድኩ፤ በሳቸውም፣ በእናቴም፣ በራሴም።

እጃቸውን ይዤ አነሳሁት። «ጋሼ፣ አይንኩኝ» አልኩ።

«ሐኪሙ ነው የከለከለኝ» ከማለቴ በፊት አሜን ሳይሉ ወጡ። በኋላ ሰው ልኬ አስረዳኋቸው፤ «ገብቶኛል» ብቻ አሉ። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ቆዳው ያዘ። ጠርዙ ትንሽ ቢወፍርም መነጽሬን ይሸከማል፤ ወደ ማስተማሪያ ክፍሌ ተመለስኩ። እሑድ ለጸሎት ከተሰለፉት ጋር ወጣሁ። ሽማግሌው በየሰዉ ራስ ላይ እጃቸውን እየጫኑ መጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ ከራሴ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው አየር ላይ አቆሙት። ድኛለሁ፣ ይጫኑኝ ልላቸው ፈለግኩ። ጸልየው ወደ ቀጣዩ ሰው አለፉ።