ተረቱ የጣላት ኩራዝ

ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ከአባባ ተረቶች ሁሉ አብልጬ የምፈራው፣ ግን ደጋግመው እንዲነግሩን የምለምናቸው፣ የእህል ጉድጓዱን ነበር። ቢቸና አጠገብ ባለው ቤታችን ፍሙ አመድ ሲለብስና ጭሱ ጣሪያው ሥር ሲሰበሰብ አባባ እግራቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተው ይጀምራሉ። በጣሊያን ጊዜ ወታደር መንደሩን ሲያቃጥል እናታቸው እሳቸውንና ታላቅ እህታቸውን ባዶ የእህል ጉድጓድ ውስጥ በገመድ አውርደው አፉን በጭድ ሸፈኑት። እንዲህ ተረፉ። «ክፉ ቀን ሲመጣ የሚሸሽግህ መሬት ነው» ብለው ይጨርሳሉ። ያኔ ከዚህ የበለጠ እውነት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ደርግ በሚወድቅበት ሰሞን፣ እናትና አባቴ ለለቅሶ ሞጣ በሄዱበት አንድ አመሻሽ፣ ተኩሱ ከከተማው ወደ እኛ ቀረበ። አባባ አላመነቱም። ጓሯችን ያለው ጉድጓድ እህሉ ካለቀ በኋላ እንደተከደነ ነበር፤ ድንጋዩን አነሱና ገመዱን ትንሿ እህቴ ወገብ ላይ ያስሩ ጀመር። ከውስጥ የኮመጠጠ ሽታ ወጣ። እህቴ አላለቀሰችም፤ ተረቱን ስለምታውቀው እጇን አንስታ ታሰረችላቸው። እኔ ተራዬን እጠብቅ ነበር።

ይሄኔ የአባባ ታላቅ እህት እቴቴ ኩራዝ ይዘው ከቤት ወጡ።

«ኩራዝ ሳይወርድ ልጅ ይወርዳል?»

«እቴቴ፣ ብርሃኑ ያስይዘናል። አጥፊው።»

«እማዬ መጀመሪያ ኩራዝ አላወረደችም?»

«እኔ እንጃ።»

«ስታወራውማ አፍህ አይደክምም። ጉድጓዱን ይዘህ ኩራዙን ጣልከው።»

ኩራዙን በገመድ አስረው ለቀቁት። ነበልባሉ ትንሽ ዝቅ እንዳለ ኮሰሰና ጠፋ። ነፋስ አልነበረም። አውጥተው እንደገና ለኮሱት፤ እንደገና ጠፋ። ታፍኖ የቆየ ጉድጓድ ሰው የሚተነፍሰው አየር እንደሌለው ያን ጊዜ ገባኝ። አባባ ገመዱን ከእህቴ ወገብ ሊፈቱ ሲሞክሩ ቋጠሮው እምቢ አላቸው፤ የፈቱት እቴቴ ናቸው። ተኩሱ እስኪርቅ ድረስ ቤት ውስጥ ከጎታው ጀርባ መሬት ላይ ተኛን።

ከዚያ ወዲያ አባባ ሲያወሩ ኩራዟን ዘልለዋት አያውቁም። የእኔ ፍርሃት ግን ባሰ። እቴቴም በጣሊያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። እሳቸውም ያላዩት ነገር ቢኖርስ?

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ተማርኩ፤ አሁን ሞጣ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ካለፈው ምን እንማራለን ብለው ሲጠይቁኝ መጽሐፉ የሚለውን እነግራቸዋለሁ፤ ድምፄ ግን ዝቅ ይላል። ባለፈው ክረምት መንገድ ተዘግቶ ቢቸና ተኩስ ሲሰማ እናቴ ደወለች።

«አንቺ ታሪክ ተምረሻል። የድሮ ሰው እንዲህ ሲሆን ምን ያደርግ ነበር?»

የምነግራት ብዙ ነበረኝ። ከማውቀው ውስጥ የቱ ጋ ኩራዝ እንደጎደለ የሚነግሩኝ እቴቴ ግን ካረፉ ቆይተዋል።